የሲ ግራንት ገንዘብ አጠያየቅ፦ ለባሕር ዳርቻና ለሐይቅ ምርምር ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሰው ከጥሪው እስከ ሪፖርቱ የሚያልፍበት መንገድ

ዓለማያ እርሻ ኮሌጅን የሚያውቅ ሰው ሲ ግራንትን፣ ማለት ለባሕር ዳርቻና ለሐይቅ ምርምር ገንዘብ የሚሰጠውን የአሜሪካ ፕሮግራም፣ ለመረዳት ግማሹን መንገድ ሄዷል። ዓለማያ በ1950ዎቹ በኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ እገዛ ሲቋቋም አርአያው የአሜሪካ የላንድ ግራንት ሥርዓት ነበር። የ1862 ሕግ የወለደው ይህ ሥርዓት አንድ ኮሌጅ እንዲያስተምር፣ እንዲመራመር፣ ያገኘውንም በኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ገበሬው ማሳ ድረስ እንዲያደርስ ያዛል። በ1963 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው አቴልስታን ስፒልሃውስ ለመሬት የሠራው ሥርዓት ለባሕርም እንዲዘረጋ ሐሳብ አቀረቡ። የሮድ አይላንዱ ሴናተር ክሌይቦርን ፔል ሐሳቡን ወደ ሕግ ረቂቅ ለወጡት፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በኦክቶበር 1966 ፈረሙበት። ከ1970 ጀምሮ ፕሮግራሙ ኖአ በሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ሥር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የዘር ሐረግ ያነሣነው ለጌጥ አይደለም። የሲ ግራንት ገምጋሚ ፕሮፖዛል ሲያነብ በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የዚህ ጥያቄ ገበሬ ማን ነው? መልሱን የሚጠብቀው ኦይስተር አርቢ ነው? የወደብ አስተዳደር ነው? የከተማ ውኃ መሥሪያ ቤት ነው? ወይስ ከድልድይ ሥር ዓሣ አጥምዶ ለልጆቹ የሚያበላ አባት? ሳይንሱ የጠራ ሆኖ ገበሬው የማይታወቅ ፕሮፖዛል እዚህ ይወድቃል። ያው ፕሮፖዛል ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ዘንድ ሊያልፍ ይችላል።

1. የትኛው በር?

ሲ ግራንት አንድ መሥሪያ ቤት አይደለም። በባሕርና በታላላቅ ሐይቆች ዳር ባሉ ክፍለ ግዛቶች፣ በፖርቶ ሪኮና በጉዋም ጭምር የተዘረጉ 34 ፕሮግራሞች አሉት፤ አብዛኛውን የምርምር ገንዘብ የሚያወዳድሩትም እነዚህ ናቸው። የሜሪላንዱ መቀመጫ ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ የቨርጂኒያው ግሎስተር ፖይንት፤ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛቱ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። ካሊፎርኒያ ሁለት አላት፤ አንዱ ሳንዲዬጎ ካለው የስክሪፕስ ተቋም፣ ሌላው ሎስ አንጀለስ ካለው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር። ሚኒያፖሊስ የሚኖር አንባቢ «እኛ ባሕር የለንም» ብሎ አይለፈው። በሕጉ ታላላቆቹ ሐይቆችም እንደ ባሕር ዳርቻ ይቆጠራሉ፤ የሚኒሶታ ሲ ግራንት ዱሉት ላይ በሱፒርየር ሐይቅ ዳር ተቀምጧል።

ዋናው ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ክፍለ ግዛት ባለ ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም የሚሠራ መሆን አለበት። አንዳንዱ ፕሮግራም በጎ አድራጎት ድርጅትንም ይቀበላል፤ ይህ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የጥሪውን «ማን ማመልከት ይችላል» ክፍል ከሁሉ አስቀድመው ያንብቡ። ኢትዮጵያ ያለ ተመራማሪ በግሉ ማመልከት አይችልም፤ አሜሪካ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተባባሪነት ግን ሊገባ ይችላል።

ገንዘቡም አንድ ዓይነት አይደለም። ትልቁ የምርምር ውድድር በብዙ ክፍለ ግዛቶች በየሁለት ዓመቱ ይወጣል፤ የሥራው ዘመንም ብዙ ጊዜ ከፌብሩዋሪ 1 ይጀምራል። ከዚህ ጎን የፕሮግራሙ ዳይሬክተር ሊወስኑት የሚችሉት አነስተኛ የመነሻ ገንዘብ አለ። ለአዲስ አመልካች የምንመክረው ይህን ነው። ማመልከቻው አጭር ነው፣ ውሳኔው ቶሎ ይመጣል፣ የሚሰበሰበው የሙከራ መረጃም ለትልቁ ውድድር ዋነኛ ማስረጃ ይሆናል። ያለ ሙከራ መረጃ የመጣ ትልቅ ፕሮፖዛል ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ ይህ ዘዴ እዚያ ውኃ ላይ እንደሚሠራ በምን አወቃችሁ?

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናውስ የሚባለው ፌሎሺፕ አለ። ከ1979 ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን ተማሪውን ለአንድ ዓመት ዋሽንግተን ዲሲ ወስዶ በኮንግረስ ወይም በፌዴራል መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሠራዋል። ማመልከቻው የሚገባው ተማሪው በሚማርበት ክፍለ ግዛት ሲ ግራንት በኩል ነው፤ በዚያ ሲ ግራንት ከሌለ ብሔራዊው ቢሮ ወደ ሌላ ፕሮግራም ይመራዋል። ዜግነት በማመልከቻው ላይ እንቅፋት አልነበረም፤ ቢሆንም ለውጭ ዜጋ ክፍት ያልሆኑ የምደባ ቢሮዎች አሉ፣ የቪዛ ጉዳይም ይከተላል። በተማሪ ቪዛ ያለ አመልካች ከመጻፉ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

2. ከመጻፍ በፊት ስልክ መደወል

ብዙ የአበሻ ተመራማሪ እዚህ ላይ ይሸነፋል። ባለሥልጣን ማስቸገር ነውር መስሎት፣ ወይም አስቀድሞ መነጋገር እንደ ማጭበርበር ይቆጠርብኛል ብሎ፣ ሰነዱን በዝምታ ጽፎ በመጨረሻው ቀን ያስገባል። ሲ ግራንት ዘንድ ግን አስቀድሞ መነጋገር የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚጠበቅ ነው። ሁለት ሰዎች ያነጋግሩ። አንዱ የምርምር አስተባባሪው ነው፤ ሐሳብዎ ከፕሮግራሙ ስትራቴጂ ጋር ይገጥም እንደሆነ ይነግርዎታል። ሌላው የኤክስቴንሽን ባለሙያው ነው፤ እሱ ገበሬውን ያውቃል። የትኛው ዓሣ አጥማጅ ማኅበር ምን እንደሚያማርር፣ የትኛው ከተማ የጎርፍ ካርታ እንደሚፈልግ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ጥሪው ከመውጣቱ ሦስትና አራት ወር ቀድመው ይደውሉ። ጥሪው ከወጣ በኋላ አንዳንድ ፕሮግራሞች ሁሉንም አመልካች እኩል ለማድረግ ሲሉ ስለ ሐሳቡ ይዘት ማማከር ያቆማሉ።

ከገበሬው ጋር የሚደረገው ንግግር ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ ለመለመን ሳይሆን ጥያቄውን ለመቅረጽ ይሁን። ልዩነቱ ከደብዳቤው ይነበባል። «ይህን ጠቃሚ ምርምር እንደግፋለን» የሚል ደብዳቤ በየፕሮፖዛሉ ስላለ ገምጋሚው አያነበውም። «ውጤቱን በዚህ ወር በምናወጣው መመሪያ ውስጥ እንጠቀምበታለን፤ ለዚህም 200 የሥራ ሰዓት እናዋጣለን» የሚል ደብዳቤ ግን ነጥብ ያመጣል።

3. ኮንሴፕት ኖት

አብዛኛው ትልቅ ውድድር ሁለት ዙር አለው። የመጀመሪያው ከሁለት እስከ አራት ገጽ የሚሆን ኮንሴፕት ኖት፣ ማለት የሐሳቡ አጭር መግለጫ ነው። ይህን የሚያነበው ቡድን ከሳይንቲስቶች ሌላ የክፍለ ግዛት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችንና ከባሕሩ ገቢ የሚያገኙ ሰዎችን ሊይዝ ስለሚችል በባለሙያ ቋንቋ አያጭቁት።

የመጀመሪያው አንቀጽ ችግሩን፣ ቦታውንና ገበሬውን በስም ይጥራ። ሁለተኛው እስካሁን ያልታወቀውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገር። ከዚያ ዘዴው ይምጣ፤ ስንት ናሙና፣ ከየት፣ በየትኛው ወር። ውጤቱን ማን ተቀብሎ ምን እንደሚያደርግበትም ይጻፍ። መጨረሻ ላይ ግምታዊ በጀት ይገባል። በዚህ ዙር የሚወድቁት አብዛኞቹ የሚወድቁት ሁለት ገጽ ሙሉ የጽሑፍ ዳሰሳ ጽፈው ለዘዴው አራት መስመር ስለሚተዉ ነው።

ከሲ ግራንት አራት የትኩረት መስኮች ቢያንስ አንዱን በግልጽ ይጥሩ፦ ጤናማ የባሕር ዳርቻ ሥነ ምኅዳር፣ ዘላቂ የዓሣ ሀብትና የውኃ እርባታ፣ አደጋን የሚቋቋም ማኅበረሰብና ኢኮኖሚ፣ የተፈጥሮ አካባቢ ዕውቀትና የሰው ኃይል ሥልጠና። አራቱንም ለመንካት የሞከረ ፕሮፖዛል አንዱንም አይዝም።

4. ሐሳቡን ወደ ናሙና ቁጥር መለወጥ

ከዚህ ወዲያ ነገሩ እንዲጨበጥ በአንድ ምሳሌ እንሂድ። ፕሮጀክቱ ምናባዊ ነው፤ ቦታው ግን እውነተኛ ነው። በሲያትል የሚያልፈው የዱዋሚሽ ወንዝ የታችኛው ክፍል፣ አምስት ማይል ያህል፣ በ2001 በፌዴራሉ የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ከብክለቶቹ ዋነኛው ፒሲቢ የሚባለው የኢንዱስትሪ ኬሚካል ነው። ጭቃ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፣ በዓሣ ስብ ውስጥም ይጠራቀማል። የክፍለ ግዛቱ ጤና መምሪያ እዚያው የሚኖሩትን ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ሸርጣንና ዛጎል ለበስ እንስሳት እንዳይበሉ ያስጠነቅቃል፤ ሳልሞን ግን በወንዙ አልፎ ስለሚሄድ ይበላል። ሲያትልና አካባቢዋ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ የሚኖርባቸው ናቸው።

የምሳሌው ጥያቄ ይህ ነው፦ በሁለት ወቅቶች መካከል የፒሲቢው መጠን ምን ያህል ይለያያል? ማስጠንቀቂያውስ ለስደተኛ አጥማጆች በምን መልክ ቢደርስ ይሠራል? ናሙናው 2 ወቅት × 4 ቦታ × 2 የዓሣ ዓይነት × 3 ድግግሞሽ ሆኖ 48 ይመጣል። እያንዳንዱ ናሙና አምስት ዓሣ በአንድ የተፈጨ ቅይጥ ከሆነ 240 ዓሣ መያዝ አለበት።

ሦስት ድግግሞሽ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ በዚያ ቦታ ያለውን የተፈጥሮ መለያየት መለካት አይቻልም፤ በሁለት ወቅቶች መካከል የታየው ልዩነትም የወቅት ይሁን የአጋጣሚ ማንም አይነግርዎትም። ገንዘብ ቢያጥር ቦታ ይቀንሱ እንጂ ድግግሞሽ አይቀንሱ። ዓሣዎቹን ቀይጦ መፍጨት ወጪ ይቆጥባል፤ በዚያው ልክ በዓሣና በዓሣ መካከል ያለውን ልዩነት ይደብቃል። ይህን ራስዎ ቀድመው ይጻፉት፤ ገምጋሚው ካገኘው ጉድለት ይሆናል።

ፈቃዶቹን አሁኑኑ ይቁጠሩ። ዓሣ ለምርምር ለመያዝ የክፍለ ግዛቱ የሳይንሳዊ ስብስብ ፈቃድ ያስፈልጋል። የፒዩጅት ሳውንድ ቺኑክ ሳልሞን ከ1999 ጀምሮ በአደጋ ላይ ያለ ተብሎ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ በመሆኑ መረቡ እሱን ቢይዝ ምን እንደሚደረግ መጻፍ አለበት። በወንዙ የስምምነት መብት ያላቸውን የማክልሹትና የሱኳሚሽ ነባር ሕዝቦችም ከመነሻው ማነጋገር ይገባል፤ በመጨረሻው ሳምንት የተላከ ኢሜይል እንደ ማነጋገር አይቆጠርም። ሰው ቃለ መጠይቅ የሚደረግለት ከሆነ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ ይሁንታ ያስፈልጋል። የአማርኛው መጠይቅም ቦርዱ ፊት ይቀርባል፤ የእንግሊዝኛው ከጸደቀ በኋላ ተርጉሞ መጠቀም አይቻልም።

5. በጀቱ፣ በተለይ ማቺንግ ፈንዱ

የሲ ግራንት የምርምር ገንዘብ እንደ ደንቡ ማቺንግ ይጠይቃል፦ ለእያንዳንዱ 2 የፌዴራል ዶላር 1 ዶላር ከፌዴራል ውጭ መምጣት አለበት። ጥሪው «50 በመቶ ማቺንግ» ሲል የሚሳሳተው ብዙ ነው። 50 በመቶው የሚሰላው ከተጠየቀው የፌዴራል ገንዘብ እንጂ ከጠቅላላው በጀት አይደለም። 120,000 ዶላር ከጠየቁ ማቺንጉ 60,000፣ ጠቅላላው 180,000 ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ሲሦው መሆኑ ነው። በስሕተት ግማሽ በግማሽ የጻፈ አመልካች ያለ ምክንያት 60,000 ዶላር ተጨማሪ ዕዳ በራሱ ላይ ይጭናል፤ ቃል የገባውን ደግሞ መክፈል ግዴታው ይሆናል።

የምሳሌያችንን የፌዴራል ወገን እንሥራው፤ ዋጋዎቹ ለስሌት ያህል ናቸው፤ እርስዎ ከላቦራቶሪውና ከዩኒቨርሲቲው ትክክለኛውን ይጠይቁ። ኦቨርሄድ የሚባለው ተቋሙ ለአስተዳደር፣ ለሕንፃና ለመሳሰለው በመቶኛ አስልቶ የሚጠይቀው ወጪ ነው።

የተማሪ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም 36,000
የላቦራቶሪ ትንተና፣ 48 ናሙና በ500 24,000
ጀልባ፣ መረብ፣ በረዶና ጠርሙስ 6,000
ጉዞ 2,000
ትርጉም፣ ሕትመትና ስብሰባ 6,000
ኦቨርሄድ የሚሰላበት ድምር 74,000
ኦቨርሄድ በ50 በመቶ 37,000
የተማሪው የትምህርት ክፍያ 9,000
ጠቅላላ 120,000

የትምህርት ክፍያው ከኦቨርሄዱ በታች የተቀመጠው በስሕተት አይደለም። በፌዴራል ደንብ የትምህርት ክፍያ፣ የመሣሪያ ግዢና የስብሰባ ተሳታፊዎች ድጋፍ ኦቨርሄድ አይሰላባቸውም። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በተሻሻለው ደንብ «መሣሪያ» የሚባለው የአንዱ ዋጋ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ቀድሞ 5,000 ነበር። ስለዚህ የ7,000 ዶላር የውኃ መለኪያ ዛሬ እንደ ተራ ዕቃ ተቆጥሮ ኦቨርሄድ ሊሰላበት ይችላል። የቆየ የበጀት ቅጽ ገልብጦ የሚሠራ ሰው ይህን ይስታል። ተቋምዎ የሚሠራበት የፌዴራል ደንብ የቱ እንደሆነ የግራንት ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ። የተስማማበት የኦቨርሄድ መጠን የሌለው አነስተኛ የማኅበረሰብ ድርጅትም በዚሁ ለውጥ ተጠቅሟል፤ ያለ ድርድር እስከ 15 በመቶ መጠየቅ ይችላል፤ ቀድሞ 10 ነበር።

የማቺንጉ 60,000 ከሦስት ቦታ ይምጣ። ፕሮፌሰሩ ዩኒቨርሲቲው በሚከፍላቸው ደመወዝ በየዓመቱ አንድ ወር ያህል ለሥራው ቢያውሉ፣ የሁለቱ ዓመት ድምር ከጥቅማ ጥቅም ጋር 24,000 ቢሆን፣ በዚህ ላይ ያልተጠየቀው ኦቨርሄድ 12,000 ይታከላል፤ 36,000። የማኅበረሰቡ በጎ ፈቃደኞች 600 ሰዓት በ30 ዶላር ሂሳብ 18,000። አዳራሽና ጀልባ በዓይነት 6,000። ድምሩ 60,000 ሞላ።

ማቺንግ የሚበላሸው በአራት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ምንጩ ራሱ የፌዴራል ገንዘብ ሆኖ ሲገኝ። ፕሮፌሰሩ በሌላ የፌዴራል ግራንት የሚከፈላቸው ወር ማቺንግ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ አንዱን አስተዋፅኦ ለሁለት ፕሮጀክት መቁጠር። ሦስተኛ፣ የበጎ ፈቃደኛው የሰዓት ዋጋ ከሥራው ጋር አለመመጣጠኑ፤ ሐኪም ወንበር ቢያስተካክል ዋጋው የወንበር አስተካካይ ነው። አራተኛውና ብዙዎችን የሚያሳፍረው መዝገብ አለመያዝ ነው። ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ሰጠ፣ እናቶች ቡና አፍልተው ሰው ሰበሰቡ፣ ሁሉም ሆነ፤ ግን ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ የያዘ ወረቀት የለም። ኦዲተር ያላየው ነገር እንዳልተደረገ ነው። በሁለት ዓመቱ መጨረሻ ማቺንጉ 40,000 ብቻ ሆኖ ከተገኘ የሚጸድቀው የፌዴራል ገንዘብም ወደ 80,000 ይወርዳል፤ የቀረውን ተቋሙ ይመልሳል። ሌላም አለ፦ ያልተጠየቀ ኦቨርሄድን እንደ ማቺንግ ለመቁጠር የሰጪው መሥሪያ ቤት ቅድመ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ጥሪው ላይ ከሌለ በጽሑፍ ይጠይቁ።

6. የማድረሱ ክፍል

አብዛኛው ፕሮፖዛል እዚህ ሲደርስ ይደክመዋል። «ውጤቱ በዌብሳይትና በወርክሾፕ ይሠራጫል» ይልና ያልፋል። ገምጋሚው ይህን ዓረፍተ ነገር አምሳ ጊዜ አንብቦታል።

የምሳሌያችን ገበሬ አማርኛ ተናጋሪው አጥማጅና ቤተሰቡ ነው እንበል። የተለመደው የዓሣ አበላል መጠይቅ ሰውየውን «በወር ስንት ጊዜ ሸርጣን ይበላሉ?» ብሎ ይጀምራል። ኦርቶዶክሱ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት በትውፊቱ ስለማይበላ መልሱ ዜሮ ነው፤ መጠይቁ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፣ ትንተናውም «ይህ ማኅበረሰብ ለአደጋ አልተጋለጠም» ይላል። ዓሣ የሚበላበት ጊዜም ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ቤቱ ሁሉ የየራሱ አቋም አለው፤ የሚበላው ቤት በሁዳዴ ከሌላው ጊዜ እጥፍ ሊበላ ይችላል፣ የማይበላው ደግሞ ለ55 ቀን ይተወዋል። «በአማካይ በሳምንት» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁለቱንም አጥቷል። በጾም፣ በፍስክና በበዓል ከፍሎ መጠየቅ ይሻላል። ሙስሊሙ ቤት ደግሞ የተለየ ነው፤ «የኢትዮጵያውያን አመጋገብ» ብሎ በአንድ ሳጥን ማስቀመጥ አይሆንም።

መልእክቱም እንደ አበሳሰሉ ይሰፋል። ፒሲቢ የሚጠራቀመው በስብ ውስጥ ስለሆነ ቆዳውን፣ የሆድ ዕቃውንና ስቡን ማውጣት፣ ስቡ ጠብ እንዲል በፍርግርግ ላይ መጥበስ መጠኑን ይቀንሳል። ዓሣውን ከነቆዳው ከነጭንቅላቱ በዘይት መጥበስ የለመደ ቤት ይህ በቀጥታ ይመለከተዋል። ሜርኩሪ ግን ሥጋው ውስጥ ስለሚገኝ በመግፈፍም በመጥበስም አይወጣም። ሁለቱን በአንድ ወረቀት የሚደባልቅ ጽሑፍ ሰውን «ከገፈፍኩት ችግር የለውም» ወደሚል የተሳሳተ መተማመን ይመራል። በነገራችን ላይ «ፒሲቢ» የሚለውን ለመተርጎም አይድከሙ። «በዓሣው ስብ ውስጥ የሚጠራቀም የፋብሪካ መርዝ» ካሉ በቂ ነው።

ወረቀቱን ከማሳተምዎ በፊት ከስምንት እስከ አሥር ሰው ያንብበው፤ ካነበበ በኋላ በራሱ ቃል ያስረዳ። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ በይሉኝታ ሁሉም አዎ ይላል። ማንበብ ለሚያዳግታቸው በድምፅ የተቀዳ የሁለት ደቂቃ መልእክት ያዘጋጁ፤ በቴሌግራምና በዋትሳፕ ከሰው ወደ ሰው የሚዘዋወረው እሱ ነው።

ከዚያ መለኪያ ያስቀምጡ። «2,000 ወረቀት ተበተነ» ሥራ ነው እንጂ ለውጥ አይደለም። «ከሥራው በፊትና በኋላ ከተጠየቁ 60 ሰዎች መካከል ሳልሞንን ከነዋሪው ጠፍጣፋ ዓሣ መለየት የቻሉት ስንት ናቸው» የሚለው ግን የሚለካ ለውጥ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ጥያቄ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ካላደረጉት መቼም ወደ ኋላ ተመልሰው ማድረግ አይችሉም።

7. ወረቀቶቹ

የኖአ 90-2 ቅጽ የፕሮጀክቱ ማጠቃለያ ነው፤ 90-4 ደግሞ የበጀቱ። ከእነዚህ ጋር የበጀት ማብራሪያ፣ አጭር የሕይወት ታሪክ፣ ያሉና የተጠየቁ ሌሎች ግራንቶች ዝርዝር፣ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ መጠይቅና የመረጃ አያያዝ ዕቅድ ይጠየቃል። የአካባቢ መጠይቁን «አይመለከትም» እያሉ መሙላት የገንዘቡን መለቀቅ ለወራት ያዘገያል፤ መረብ የት ቦታ፣ ስንት ጊዜ፣ በምን ጥልቀት እንደሚጣል በግልጽ ይጻፉ። በመረጃ ዕቅዱ መረጃው ቢዘገይ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሕዝብ ክፍት እንደሚሆን፣ በየትኛው ማከማቻ እንደሚቀመጥ ይጥቀሱ። የተጠያቂዎቹ ቃለ መጠይቅ ግን ስም ተነሥቶለት ብቻ።

ማመልከቻውን የሚያስገባው ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ነው። የዩኒቨርሲቲው ግራንት ጽሕፈት ቤት በጀቱን ከመዝጊያው ቀን አምስት ወይም አሥር የሥራ ቀን ቀድሞ ማየት ይፈልጋል፤ አጋር ድርጅት ካለ የእሱም ፊርማ በዚያው ቀን ይደርሳል። ንዑስ ተቀባይ የሚሆን፣ ማለት ከግራንቱ ድርሻ የሚወስድ የማኅበረሰብ ድርጅት ዩኢአይ የተባለው የፌዴራል መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። ቁጥሩ በመንግሥቱ ሳም ድረ ገጽ (SAM.gov) በነፃ ይሰጣል፤ በኢሜይል እየላኩ ገንዘብ የሚጠይቁ «አስመዝጋቢዎች» የመንግሥት ሰዎች አይደሉም። የድርጅቱ ስምና አድራሻ በክፍለ ግዛቱ ከተመዘገበው በአንድ ቃል ቢለይ ማረጋገጫው ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ይህ የመጀመሪያው ወር ሥራ ይሁን።

8. ከግምገማው በኋላ

ሙሉው ፕሮፖዛል ለውጭ ባለሙያዎች ተልኮ አስተያየታቸው ይመጣል። አንዳንድ ፕሮግራም ጉባኤው ከመቀመጡ በፊት አጭር መልስ የመጻፍ ዕድል ይሰጣል። በዚያ መልስ ገምጋሚን መከራከር ፋይዳ የለውም። ስሕተት ካለ በገጽ ቁጥር ያሳዩ፤ ትክክል ከሆነ ምን እንደሚቀይሩ ይንገሩ፤ ስንት ዶላር እንደሚያስከትልም ይጨምሩ። ውድቅ ከሆነ የአስተያየቱን ቅጂ ይጠይቁ። ወደሚቀጥለው ዙር ተሻሽሎ የተመለሰ ፕሮፖዛል ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው።

«ተመርጠዋል» የሚል ኢሜይል ገንዘብ አይደለም። የክፍለ ግዛቱ ፕሮግራም ሙሉውን ዕቅድ ለብሔራዊው ቢሮ ይልካል፤ ገንዘቡም በኮንግረስ በየዓመቱ ይመደባል። በ2017 የቀረበው የፕሬዚዳንቱ የ2018 በጀት ሲ ግራንት ሙሉ በሙሉ እንዲቀር ጠይቆ ነበር፤ ኮንግረስ ግን ገንዘቡን መመደቡን ቀጠለ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ የግራንቱ መጀመሪያ ቀን ይንሸራተታል። ስለዚህ የውል ደብዳቤው በእጅ ሳይገባ ተማሪ አይቅጠሩ፣ ጀልባ አይከራዩ። የናሙና ወቅትዎ የአሜሪካ በጋ (ሰመር) ከሆነና ገንዘቡ በጁላይ ቢደርስ የመጀመሪያው ዓመት ማጥመድ አልፏል ማለት ነው፤ በፕሮፖዛሉ ውስጥ «ቢዘገይ» የሚል ሁለተኛ የጊዜ ሰሌዳ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሥራው ከተጀመረ ሁለት መዝገብ በየወሩ ይሞላ። አንዱ ማቺንግ፦ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የሥራው ዓይነት፣ ፊርማ። ሌላው ውጤት፦ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ተማሪ ተደገፈ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት መረጃውን ለምን ውሳኔ ተጠቀመበት። ፕሮግራሙ ዓመታዊ ሪፖርት ሲጠይቅ የሚፈልገው እነዚህን ቁጥሮች ነው። ጊዜ ቢያጥርዎት ያለ ተጨማሪ ገንዘብ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ ጥያቄው ከክፍለ ግዛቱ ፕሮግራም አልፎ ወደ ኖአ ስለሚሄድ ቀሪው ሁለትና ሦስት ወር ሲሆን ያስገቡት። ዘመኑ ካለፈ በኋላ የተጻፈ ደረሰኝ አይከፈልም።